በነፃ የተገኘ ሶፍትዌር በሰለ የሚባለው መቼ ነው?

ቁሓ በመቀሌ ከተማ ከሚገኙት ሰባት ክፍለ ከተሞች አንዷ ናት፡፡ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በዋናው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች፣ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት፣ በሆስፒታሏ የዓይን ሕክምናም ስሟ የሚነሳ ናት፡፡ በቁሓም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው አገልግሎት ከመዝገብ ተለቅሞ ወርሃዊ ሪፖርት ይሆናል፡፡ ሪፖርቱ ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚተላለፈው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ነው፡፡ አንድ ዜጋ የፋይዳ ቁጥር ለማግኘት ሲመዘገብ ደግሞ መረጃው የሚስተናገደው ሞሲፕ በተሰኘ ሌላ ሥርዓት ላይ ነው፡፡

የሁለቱ ሥርዓቶች ዓላማ የተለያየ ቢሆንም አንድ ዐቢይ ጉዳይ ያመሳስላቸዋል፡፡ ሁለቱም የምንጭ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንኛውም አገር ያለ ፈቃድ ክፍያ ወስዶ ሊጠቀምባቸውና ሊያሻሽላቸው የሚችል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ናቸው፡፡ የመጀመሪያው በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛው በህንድ በባንጋሎር ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይመራሉ፡፡

በዚህም ምክንያት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ይነሳል፡፡ እንደ መደበኛ ግዥ ሻጭና የዋስትና ሰነድ የሌለው፣ በተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች ትብብር የሚሠራ ሶፍትዌር ለሕዝብ አገልግሎት የበቃ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥያቄው በኢትዮጵያ ብቻ የተነሳ አይደለም፡፡ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮችን የሚያስተዳድሩ ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽኖች ከ20 ዓመታት በላይ ሲሠሩበት የቆዩት ጉዳይ ነው፡፡ የደረሱበት መደምደሚያም የአንድ ሶፍትዌር ብስለት የሚለካው በኮዱ ጥራት ብቻ ሳይሆን ከኮዱ በስተጀርባ ባለው የሰዎች አደረጃጀትና የውሳኔ አሰጣጥ ሥርዓት ጭምር ነው የሚል ነው፡፡

ፈቃዱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም

በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ በተጀመረባቸው ዓመታት የነበረውን ችግር የሚያስታውሱ የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም፡፡ በአንድ የፊደል ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ሶፍትዌር ባለው መሥሪያ ቤት ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር፡፡ ምክንያቱ እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደላቱን በራሱ ኮድ ማስቀመጡ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ቨርዥን ውስጥ መካተቱና የጋራ ደረጃው ቀስ በቀስ ሥራ ላይ መዋሉ ችግሩን አቃሎታል፡፡

ከዚህ ተሞክሮ መረዳት የሚቻለው መረጃ የተቀመጠበትን መንገድ አንድ ወገን ብቻ ሲያውቀው ባለመረጃው መሥሪያ ቤት ጥገኛ እንደሚሆን ነው፡፡ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ይህንን ጥገኝነት ይቀንሳል፡፡ ኮዱ በእጅ ስለሚገኝ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር፣ ሌላ ባለሙያ ቀጥሮ ማስጠገን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ኮዱን ይዞ በራስ መንገድ መቀጠል ይቻላል፡፡

ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሰጠው መብትን እንጂ የሰው ኃይልን አይደለም፡፡ ነገ የደህንነት ክፍተት ቢገኝ ማን እንደሚደፍነው፣ ዋናው ባለሙያ ሥራውን ቢተው ማን እንደሚተካው፣ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ቢወጣ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል በፈቃዱ ውስጥ አልተጻፈም፡፡ ፋውንዴሽኖች የተቋቋሙት በአመዛኙ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው፡፡

የአፓቼ አሠራር

ከፋውንዴሽኖቹ መካከል በአሠራሩ ዝርዝርነት በአብነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው አፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ነው፡፡ ፋውንዴሽኑ ለትርፍ ያልቆመ ሲሆን አባላቱ ግለሰቦች እንጂ ኩባንያዎች አይደሉም፡፡ አባላቱ በየዓመቱ ዘጠኝ ሰዎች ያሉት የዳይሬክተሮች ቦርድ ይመርጣሉ፡፡ በቦርዱ ሥር ያለ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ የአስተዳደር ኮሚቴ አለው፡፡

በፕሮጀክቶቹ ውስጥ ሥልጣን የሚገኘው በሥራ ነው፡፡ አንድ ሰው በመጀመሪያ ማስተካከያዎችን በመላክ አስተዋጽኦ ያደርጋል፤ ሥራው ሲታመንበት ኮድ በቀጥታ የማስገባት መብት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወደ አስተዳደር ኮሚቴው ሊጋበዝ ይችላል፡፡ በአሠሪው ኩባንያ ስም የሚያገኘው መቀመጫ የለም፡፡ የሥራ ቦታውን ቢቀይርም ያፈራው መብት አብሮት ይሄዳል፡፡

የውሳኔ አሰጣጡም በጽሑፍ የተደነገገ ነው፡፡ አዲስ ቨርዥን ለሕዝብ የሚለቀቀው ቢያንስ ሦስት የኮሚቴው አባላት የድጋፍ ድምፅ ሲሰጡና ድጋፉ ከተቃውሞው ሲበልጥ ነው፡፡ ለድምፅ አሰጣጡ በተለያየ የዓለም ክፍል ያሉ አባላት እንዲሳተፉ በተለምዶ 72 ሰዓት ይሰጣል፡፡ በኮድ ለውጥ ላይ ግን ቴክኒካዊ ምክንያቱን ያስረዳ አንድ የኮሚቴ አባል ለውጡን ማስቆም ይችላል፡፡

አዲስ ፕሮጀክት ወደ ፋውንዴሽኑ የሚገባው እ.ኤ.አ በ2002 በተቋቋመው ኢንኩቤተር በኩል ሲሆን፣ በዚያ የሚቆየው ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ተመድበውለት ነው፡፡ በቆይታው የኮዱ ባለቤትነትና ፈቃድ ከሕግ አኳያ ይጣራል፤ ቨርዥኖችን በደንቡ መሠረት ማውጣት መቻሉ ይፈተናል፤ አዳዲስ አባላትን መሳቡ ይታያል፡፡ በአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ፕሮጀክት ኮዱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ገና እንዳልበሰለ ይቆጠራል፡፡ የምረቃው ውሳኔ በፕሮጀክቱ ማኅበረሰብ፣ በኢንኩቤተሩ ኮሚቴና በመጨረሻም በቦርዱ በኩል ያልፋል፡፡

ከዚህ በተጨማሪ ፋውንዴሽኑ ፕሮጀክቶች ራሳቸውን የሚገመግሙበት የብስለት ሞዴል አዘጋጅቷል፡፡ ሞዴሉ ሰባት ዘርፎች ያሉት ሲሆን እነርሱም ኮድ፣ ፈቃድና የቅጂ መብት፣ የቨርዥን አወጣጥ፣ ጥራት፣ ማኅበረሰብ፣ የስምምነት አደራረስ እንዲሁም ነፃነት ናቸው፡፡ ከሰባቱ መካከል ሦስቱ ስለ ሰዎችና ስለ አስተዳደር የሚጠይቁ መሆናቸው ሊስተዋል ይገባል፡፡ በጥራት ዘርፍም ቢሆን ጥያቄው ሶፍትዌሩ ስህተት የለበትም ወይ የሚል አይደለም፡፡ ፕሮጀክቱ ስለ ጥራቱ ግልጽና ሐቀኛ ነው ወይ፣ የደህንነት ችግር የሚጠቆምበት የታወቀ መንገድ አለው ወይ፣ ለቀረቡለት ጥቆማዎች በወቅቱ ምላሽ ይሰጣል ወይ የሚል ነው፡፡

ምረቃም የቁጥጥሩ መጨረሻ አይደለም፡፡ የተመረቀ ፕሮጀክት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ ሪፖርት ያቀርባል፡፡ ሠራተኛ ያጣ ፕሮጀክት ደግሞ እ.ኤ.አ በ2008 ወደተቋቋመው የጡረተኛ ፕሮጀክቶች ክፍል ይዛወራል፡፡ ኮዱ ባይጠፋም ጥገና የሚያደርግለት እንደሌለ ተጠቃሚው በይፋ እንዲያውቅ ይደረጋል፡፡

ሌሎች የደረጃ አሰጣጥ መንገዶች

በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር እ.ኤ.አ በ2015 የተቋቋመው ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ፕሮጀክቶችን በሦስት እርከን ይመድባል፡፡ የመጀመሪያው የሙከራ፣ ሁለተኛው የማሳደጊያ፣ ሦስተኛው የምረቃ እርከን ነው፡፡ ጉግል ያበረከተው ኩበርኔቲስ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2018 የመጀመሪያው ተመራቂ ሆኗል፡፡ ለምረቃ ከሚጠየቁት መካከል ሥራውን የሚመሩት ባለሙያዎች ቢያንስ ከሁለት ድርጅቶች የተውጣጡ መሆናቸውና ገለልተኛ አካል የደህንነት ምርመራ ማድረጉ ይገኙበታል፡፡

አፓቼ ኩባንያን በአባልነት የማይቀበል ሲሆን በሊኑክስ ፋውንዴሽን ግን ኩባንያዎች መዋጮ እየከፈሉ አባል ይሆናሉ፡፡ የአስተዳደር መንገዳቸው ቢለያይም ፕሮጀክት በአንድ ድርጅት መዳፍ ውስጥ እንዳይወድቅ መጠንቀቃቸው አንድ ያደርጋቸዋል፡፡

ፋውንዴሽን የሌላቸው ፕሮጀክቶችም የሚመዘኑበት መንገድ አለ፡፡ እ.ኤ.አ በ2014 የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚስጥር በሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲገኝ፣ ዓለም የተመካበትን ሶፍትዌር የሚጠብቁት እጅግ ጥቂት ሰዎች መሆናቸው ታወቀ፡፡ ይህንን ተከትሎ የመልካም አሠራር ምልክት የሚሰጥበት ሥርዓት ተዘርግቶ በማለፊያ፣ በብርና በወርቅ ደረጃዎች እየተሠራበት ይገኛል፡፡

ደረጃው የማይሸፍናቸው ጉዳዮች

የፋውንዴሽኖቹ ምዘና ጠቃሚ ቢሆንም ወሰን አለው፡፡ ይህንን የሚያሳዩ ሦስት አጋጣሚዎችን መጥቀስ ይቻላል፡፡

የመጀመሪያው ለጽሕፈት ሥራ የሚውለው ኦፕንኦፊስ ነው፡፡ ሶፍትዌሩ በኦራክል ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ በ2011 ወደ አፓቼ ገብቶ በ2012 ተመርቋል፡፡ ነገር ግን ከአልሚዎቹ ብዙዎቹ ቀደም ብለው እ.ኤ.አ በ2010 ተለይተው ሊብረኦፊስን መሥርተው ነበር፡፡ ከምረቃው አራት ዓመት በኋላ የኦፕንኦፊስ ባለሙያዎች ቁጥር ከመመናመኑ የተነሳ ፕሮጀክቱን ስለመዝጋት እስከመወያየት ተደርሷል፡፡ ፕሮጀክቱ ባይዘጋም፣ ምረቃ የአንድ ወቅት ፎቶግራፍ እንጂ የዘለዓለም ዋስትና አለመሆኑን አሳይቷል፡፡

ሁለተኛው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2021 ይፋ የሆነው የሎግፎርጄ ክፍተት ነው፡፡ ሎግፎርጄ በአፓቼ ሥር ለዓመታት የቆየ የበሰለ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ክፍተቱ በአደገኝነት መለኪያ ከ10 ነጥብ 10 ተሰጥቶታል፡፡ በጎ ፈቃደኞቹ አልሚዎች ማስተካከያዎችን በተከታታይ በፍጥነት አውጥተዋል፡፡ ይሁንና በዓለም ዙሪያ በርካታ ድርጅቶች ሶፍትዌሩ በየትኛው ሥርዓታቸው ውስጥ እንደሚገኝ ስለማያውቁ ማስተካከያውን በወቅቱ ለመጫን ተቸግረዋል፡፡ የፕሮጀክቱ መብሰል የተጠቃሚውን አለመብሰል ሊተካ አልቻለም፡፡

ሦስተኛው እ.ኤ.አ በመጋቢት 2024 በኤክስዜድ የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው የተደበቀ መግቢያ ነው፡፡ ሶፍትዌሩን ለብዙ ዓመታት በዋነኛነት የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር፡፡ በረዳትነት የቀረበ ማንነቱ ያልታወቀ ተሳታፊ ከሁለት ዓመታት በላይ እምነት ካፈራ በኋላ መግቢያውን በስውር አስገብቷል፡፡ ክፍተቱ በስፋት ከመሠራጨቱ በፊት የተገኘው ኮዱ ክፍት በመሆኑ መመርመር ስለተቻለ ነው፡፡ አደጋው የመጣው ግን ከባድ ኃላፊነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ በመውደቁ ነው፡፡

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ያሉት ሥርዓቶች

ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የጤና መረጃ ፕሮግራም ሲሆን ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይገለገሉበታል፡፡ ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውላዋለች፡፡ ሞሲፕ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2018 የተጀመረ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ሲያገኝ ቴክኖሎጂው የተገነባው በዚሁ ላይ ነው፡፡ ለመታወቂያው ማስፋፊያ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2023 የ350 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል፡፡

ሁለቱም እ.ኤ.አ በ2019 በተመሠረተው የዲጂታል የሕዝብ ሀብቶች ጥምረት መዝገብ ውስጥ ተካተዋል፡፡ የጥምረቱ መለኪያ ዘጠኝ ነጥቦች ያሉት ሲሆን ክፍት ፈቃድን፣ ግልጽ ባለቤትነትን፣ በቂ የማብራሪያ ሰነድን፣ መረጃን አውጥቶ መውሰድ መቻልን፣ የግል መረጃ ጥበቃን ይጨምራል፡፡ በጤናው መስክ ደግሞ ለብዙ አገሮች የሚበጅ መሆንን፣ የማኅበረሰብ ድጋፍንና የሶፍትዌር ብስለትን የሚመዝን የተለየ ሞዴል ተዘጋጅቶ ሲሠራበት ቆይቷል፡፡

በእነዚህ መለኪያዎች ሁለቱ ሥርዓቶች ተቀባይነት ያላቸው ናቸው፡፡ በአፓቼ የነፃነት መለኪያ ሲታዩ ግን የተለየ ገጽታ ይኖራቸዋል፡፡ የዲኤችአይኤስ 2 የልማት አቅጣጫ ከተጠቃሚ አገሮች ሐሳብ እየተሰበሰበ የሚወሰን ቢሆንም ዋናው ቡድን ያለው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፡፡ ሞሲፕም በተመሳሳይ ሁኔታ በአንድ ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል፡፡ የሁለቱም በጀት በአብዛኛው ከለጋሾች የሚመጣ ነው፡፡ ይህ ማለት ሥርዓቶቹ ደካማ ናቸው ማለት አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ መታቀፋቸው ለረጅም ጊዜ ምርምርና ሥልጠና ጠቅሟቸዋል፡፡ ሆኖም ተጠቃሚ አገር የአንዱ ተቋም ውሳኔ ወይም የአንዱ ለጋሽ መውጣት ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል ማለት ነው፡፡ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ በ2025 ሥራውን ማቆሙ በልገሳ ላይ የተመሠረተ የመረጃ ሥርዓት ድጋፍ ባልታሰበ ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችል አሳይቷል፡፡

የትግራይ ክልል ተሞክሮም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፡፡ ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት የጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል፡፡ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል፤ በዚህም የመደበኛው ሪፖርት ፍሰት ተስተጓጉሏል፡፡ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመውን ስምምነት ተከትሎ አገልግሎቶቹ ደረጃ በደረጃ መመለስ ጀምረዋል፡፡ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ አንድ ሶፍትዌር ከየትኛው ፋውንዴሽን ተመረቀ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፡፡ ያለ ኢንተርኔት መሥራት መቻሉ፣ የመረጃው ቅጂ በሌላ ቦታ መኖሩ፣ እንደ ቁሓ ባለ ቦታ ያለ ሆስፒታል ኮምፒዩተር ሲተካለት ሥርዓቱን መልሶ የሚያቆም ባለሙያ በቅርብ መገኘቱ የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው፡፡

ከርክክብ በፊት

ከላይ የተዘረዘሩት አሠራሮች ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥሩ የመጠይቅ መነሻ ይሆናሉ፡፡ አንድ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የኮዱ ፈቃድና ባለቤትነት በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል፡፡ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ስንት ሰዎችና ከስንት ድርጅቶች እንደሆኑ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ቨርዥን እንደወጣ፣ የደህንነት ጥቆማ ለማን እንደሚቀርብ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ መረጃው በሌላ ሥርዓት ሊነበብ በሚችል ቅርጽ መውጣቱም ውል ከመፈረሙ በፊት በተግባር ሊሞከር ይገባዋል፡፡ ይህ በተለይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሕግ ኃላፊነትም ጭምር ነው፡፡

ቀጣዩ ጥያቄ የሚመለከተው ራሱን መሥሪያ ቤቱን ነው፡፡ የዲኤችአይኤስ 2 ዋና ቡድን የደህንነት ጥገና የሚሰጠው ለመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ቨርዥኖች ነው፡፡ ስለሆነም ቨርዥኑን ለዓመታት ሳያሻሽል የቆየ ተጠቃሚ የፕሮጀክቱ ብስለት ምንም አይጠቅመውም፡፡ ለአገር ውስጥ ፍላጎት ተብሎ የተጨመረ ኮድ ወደ ዋናው ፕሮጀክት ካልተመለሰም በእያንዳንዱ ማሻሻያ ጊዜ እንደገና መሠራት ይኖርበታል፤ የጻፈው ባለሙያ ሲለቅም የሚያውቀው ሰው ይጠፋል፡፡ ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ ባይኖርም ለጥገና፣ ለሥልጠናና ለማሻሻያ በመደበኛ በጀት ውስጥ ቋሚ ርዕስ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፡፡

በፋውንዴሽኖቹ ሥርዓት ድምፅ የሚገኘው በአስተዋጽኦ እንጂ በተጠቃሚዎች ብዛት አይደለም፡፡ ኢትዮጵያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዜጎቿን በአንድ ሥርዓት ብትመዘግብም ባለሙያዎቿ በኮዱ፣ በሰነዱና በውይይቱ ካልተሳተፉ ስለ ነገው አቅጣጫ የሚወስኑት ሌሎች ይሆናሉ፡፡ በመቀሌም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በእነዚህ ፕሮጀክቶች ላይ ሥራ ሠርተው ቢመረቁ፣ መሥሪያ ቤቶችም ባለሙያዎቻቸው ከሥራ ሰዓታቸው የተወሰነውን ለዚሁ እንዲያውሉ ቢፈቅዱ፣ አገሪቱ ከተቀባይነት ወደ ባለድርሻነት የምትሸጋገርበት መንገድ ይከፈታል፡፡ የኦስሎ ወይም የባንጋሎር ቡድን ነገ ሥራውን ቢቀንስ፣ ከቁሓ የሚላከው ሪፖርት ሳይስተጓጎል መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነውም ዛሬ በአገር ውስጥ በሚፈራው የሰው ኃይል ነው፡፡